ከጡቡ እስከ ፒዛው፦ በእንጨት የሚነድ ምድጃ ሥራ ማስታወሻ

ምርጫው ላይ

ጡብ ከማየቴ በፊት አንድ ነገር መወሰን ነበረብኝ። ይህን ምድጃ ለምን ለምን ነው የምፈልገው?

ለፒዛ ብቻ ከሆነ ትንሹ የብረት ምድጃ ይበቃል። ወለሉ ድንጋይ ነው፣ አካሉ ቀጭን ብረት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይግላል። ሲያስፈልግ ይወጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይገባል። የሚወጣው ፒዛም ጥሩ ፒዛ ነው። ቦታ የሌለው ወይም የተከራየ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ምንም ማመንታት ይህንን ግዛ እለዋለሁ።

ችግሩ ሙቀት አያስቀምጥም። እሳቱ ሲጠፋ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ነበልባሉ ከፒዛው ጋር በጣም ይቀራረባል። ለትንሽ ሰከንድ ዘወር ካሉ ጠርዙ ከሰል ይሆናል።

እኔ የፈለግሁት ማታ ፒዛ ጋግሬ በማግስቱ በዚያው ሙቀት ዳቦ ማውጣት ነው። ለዚህ ክብደት ያስፈልጋል፣ ማለትም ሙቀቱን ጠጥቶ ቀስ ብሎ የሚመልስ ብዙ ጡብ። በፋብሪካ ተቀርጾ በቁርጥራጭ የሚመጣ ምድጃም አለ። ገጣጥመህ፣ ስንጥቁን ደፍነህ፣ ሙቀት መከላከያ ታለብሰዋለህ። ብዙ ድካም ይቀንሳል። ግን ስፋቱንና የአፉን ቁመት ራሴ መወሰን ስለፈለግሁ ጡብ በጡብ መሥራቱን መረጥሁ።

የውስጡን ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒዛ ተቀምጦ ለእሳቱም ከጎን ቦታ ይተርፋል። ከዚህ በላይ መለጠጥ ያምራል፣ ነገር ግን በገፋህ ቁጥር በየጊዜው የሚበላው እንጨትና ለመጋል የሚወስደው ሰዓት ይጨምራል። ትልቅ ምድጃ ሠርቶ ማንደዱ ስለሚከብደው የሚተወው ሰው ብዙ ነው።

ከስፋቱ ይልቅ ያሳሰበኝ የአፉ ቁመት ነው። አፉ የጉልላቱን የውስጥ ቁመት 63 በመቶ ገደማ ሲሆን ምድጃው በደንብ ይተነፍሳል። በጣም ከፍ ካለ ሙቀቱ ይፈሳል። በጣም ዝቅ ካለ እሳቱ አየር ያጥረውና ይጨሳል። የእኔ ጉልላት ከውስጥ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። አፉ ስለዚህ 25 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ቦታው ውጭ ነው፣ ክፍት ሰማይ ሥር። እንጨት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። በተዘጋ በረንዳ ወይም ጋራዥ ውስጥ የሚያነዱ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይፈራል። የምድጃውን አፍ ደግሞ ነፋስ አዘውትሮ ከሚመጣበት አቅጣጫ ወደ ሌላ አዞርኩት። ከእንጨት አጥርና ከዛፍ ቅርንጫፍም አራቅሁት።

መቆሚያውና ከወለሉ ሥር ያለው ነገር

መቆሚያው ብሎኬት ነው። ከላይ ብረት የገባበት 10 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ሶሌታ ተሞላበት። የመጋገሪያው ወለል ከመሬት 1.1 ሜትር ገደማ ላይ እንዲያርፍ አሰላሁ። ጎንበስ ሳልል ውስጡን ማየት አለብኝ። ከብሎኬቱ መሃል የቀረው ባዶ ቦታ እንጨት ማስቀመጫ ይሆናል። ስለዚህ ክፍል ብዙ የምለው የለኝም። ውሃ ልክ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሥራት ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን የሥራው ሁሉ ልብ ነው።

ኮንክሪት ሙቀት ይጠጣል። ጡቡን በቀጥታ ሶሌታው ላይ ብደረድረው እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ ኮንክሪት ሲያሞቅ ያድራል። ወለሉ አይግልም፣ ወይም ግሎ ወዲያው ይቀዘቅዛል። የፒዛው ላይ ተቃጥሎ ሥሩ ነጭ ሊጥ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በጡቡና በኮንክሪቱ መካከል ሙቀት የሚያግድ ነገር መግባት አለበት።

ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንዱ የካልሲየም ሲሊኬት ሰሌዳ ነው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ሌላው ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል ጠጠር) ከሲሚንቶ ጋር ማቡካት ነው፣ አምስት እጅ ፐርላይት ለአንድ እጅ ሲሚንቶ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይሞላል። ፐርላይቱ ርካሽ ነው፣ ግን ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ሰሌዳውን ወሰድሁ። ውድ ነው፤ ቢሆንም ከሌላ ቦታ ቀንሼ እዚህ ላይ አዋልኩት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉልላቱን ከዓመት በኋላም ተጨማሪ ሽፋን ማልበስ ይቻላል። ከወለሉ ሥር ግን አንዴ ከተዘጋ ተዘጋ። ምድጃውን ሳያፈርሱ የሚገባበት መንገድ የለም። የሚያምር ሞዛይክ ለብሰው ከሥራቸው ምንም ያልገባባቸው ምድጃዎች ሞልተዋል። ምድጃ ለመግዛት የምትጠይቁ ከሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ከወለሉ ሥር ምን አለ? ስንት ሴንቲ ሜትር? ሻጩ ይህን መመለስ ካልቻለ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ሰሌዳው ጠላቱ ውሃ ነው። ከረጠበ ሙቀት ማገዱን ያቆማል። ከሶሌታው ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አስቀርቼ ነበር። ሥራው እስኪያልቅ ደግሞ በየማታው በላስቲክ እሸፍነዋለሁ።

ወለሉ

የእሳት ጡቦቹ ደረሱ። ሙቀት እንዲችሉ ተብለው የተሠሩ ናቸው፣ ለግድግዳ የምንጠቀምበት ተራ ቀይ ጡብ አይደሉም። መጠናቸው የተለመደው ነው፦ 23 በ11.5 በ6.4 ሴንቲ ሜትር።

በሰሌዳው ላይ ደቃቅ አሸዋና እሳት የሚችል የሸክላ አፈር ቀላቅዬ ስስ አድርጌ አነጠፍሁ። ጡቦቹ ያለ ምንም ማጣበቂያ እዚያ ላይ ተቀመጡ። ሲግሉ ይለጠጣሉ፣ ሲበርዱ ይሰበሰባሉ። ለመንቀሳቀስ ነፃነት ይፈልጋሉ። አንዱ ቢሰበር ደግሞ ነቅሎ መቀየር ይቻላል።

አደራደሩ ሰያፍ ነው፣ ከአፉ አንፃር 45 ዲግሪ ዞሮ። ለውበት አይደለም። የፒዛ አካፋው በቀጥታ ሲገባ የጡብ ጠርዝ ፊት ለፊት እንዳይመታ ነው። ከደረደርሁ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ከአፉ ወደ ውስጥ ደጋግሜ አሸሁት። እጄ የተሰማው ከፍታ ሁሉ ነገ አካፋው የሚደናቀፍበት፣ ሊጡ የሚቀደድበት ነው። ከፍ ያለውን በጎማ መዶሻ ቀስ አድርጌ አስተኛሁት።

ጉልላቱ

ጡቦቹ ለሁለት ተቆረጡ። ትልቅ ጡብ ክብ ውስጥ አይተኛም። የመቁረጡ ሥራ ውሃ እያፈሰሱ ነው። የጡቡ ብናኝ ሲሊካ አለበት፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይወጣ። ውሃም እየፈሰሰ ማስክ አላወለቅሁም። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

የማያያዣው ድብልቅ በቤት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፦ ሦስት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ አንድ እጅ እሳት የሚችል የሸክላ አፈር። ተራ የሲሚንቶ ሞርታር ብቻውን በከፍተኛ ሙቀት ይዳከማል፣ እየተፈረፈረ ፒዛው ላይ ይወድቃል። ኖራውና ሸክላው ሲሚንቶው ሲደክም ቦታውን ይይዛሉ። ኖራና ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚበሉ ጓንት ግድ ነው።

የጉልላቱን ቅርጽ የያዘልኝ አንድ ዘንግ ነው። ጫፉ ወለሉ መሃል ላይ ተተከለ፣ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ሌላው ጫፍ እያንዳንዱ ጡብ የት ማረፍ እንዳለበት ይነግረኛል። አሸዋ ከምሮ በእሱ ላይ መገንባትም ይቻላል። በዘንጉ ግን ውስጡን እያየሁ፣ የተረፈውን ሞርታር እየጠረግሁ መሄድ ቻልኩ። ጡቦቹ ከውስጥ በኩል ሊነካኩ ትንሽ ይቀራቸዋል። ክፍተቱ ከውጭ በኩል ነው የሚሰፋው፣ ሞርታሩም ያለው እዚያ ነው። የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር እንዳይገጥም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከገጠመ ስንጥቁ ከታች እስከ ላይ አንድ መስመር ይዞ ይወጣል።

አስቸጋሪው ቦታ ጉልላቱ ከአፉ ቅስት ጋር የሚገናኝበት ነው። እዚያ ሁለት ጡብ አንድ ዓይነት አይቆረጥም። ቀኑን ሙሉ ሠርቼ ያስቀመጥሁት ጡብ በጣት የሚቆጠር ነበር። አልቸኮልኩም።

ቁልፍ ጡቡ ገባ። ጉልላቱ ተዘጋ። ዘንጉን አወጣሁት፣ ጉልላቱም ራሱን ችሎ ቆመ። ደስታዬን መግለጽ ይከብደኛል።

የጭስ ማውጫው ከጉልላቱ አናት ላይ አይደለም። የሚያዩት ሰዎች ሁሉ ይህን ይጠይቁኛል። አናቱ ላይ ቀዳዳ ካለ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ማውጫው የተቀመጠው ከፊት፣ ከአፉ በላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር በአፉ በታችኛው በኩል ይገባል። እሳቱን ይመግባል፣ በጉልላቱ ሥር ተጠቅልሎ ይመለሳል፣ በአፉ በላይኛው በኩል ወጥቶ ወደ ማውጫው ይሄዳል። አንዱ አፍ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። የ63 በመቶው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ እዚህ ላይ ይገባል።

ልብሱና ማድረቂያ እሳቱ

ጉልላቱ ሙቀት በሚያግድ የሴራሚክ ፋይበር ተጠቀለለ። እያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ድርብ። የፋይበሩ ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ለመተንፈሻም መጥፎ ነው። ማስክ፣ ረጅም እጅጌ፣ መነጽር። ከላይ የሽቦ መረብ ተወጠረበት። ልስኑን ግን ገና አልነካሁትም፣ ምክንያቱም ውስጡ በውሃ የተሞላ ነው።

ሞርታሩና ጡቡ የጠጡት ውሃ መውጣት አለበት። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። መውጫ ሳያገኝ ከፈላ ጡብ ይሰነጥቃል። ብዙ አዲስ ምድጃ የሚበላሸው ባለቤቱ ጓጉቶ በመጀመሪያው ቀን ፒዛ ሊጋግር ሲሞክር ነው።

ሞርታሩን ከሳምንት በላይ ዝም ብዬ ተውኩት። ከዚያ ትንሽ እሳት፣ ጭራሮና ጥቂት ከሰል ብቻ። የጉልላቱ ውስጥ ከ100 ዲግሪ ብዙ እንዳያልፍ እየጠበቅሁ ለሰዓታት አቆየሁት። በቀጣዩ ቀን ወደ 150። ከዚያ 200፣ ከዚያ 250፣ እያለ ወደ 300። ፋይበሩ ከላይ መኖሩ እዚህ ይረዳል። ውስጡ ግሎ ውጩ ቀዝቃዛ ከሆነ ጡቡ በሁለት አቅጣጫ ይጎተታል። ፋይበሩ ሁለቱን ያቀራርባል፣ እንፋሎቱንም ያሳልፋል።

ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ሲወጣ ዋለ። የፋይበሩ ላይኛ ገጽ ረጠበ። በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ፣ በመጨረሻም ደረቀ።

ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ታይተዋል። አያስፈሩም። ጉልላት ክብደቱን ወደ ጎንና ወደ ታች የሚያስተላልፍ ቅርጽ ነው። ቀጭን ስንጥቅ አያፈርሰውም። ምድጃው ሲግልና ሲበርድ ይሰፋል፣ ይጠባል።

እንጨቱ

ለእንጨት የሚሰጠው ትኩረት ከሊጥ እኩል መሆን አለበት። ጠንካራና በደንብ የደረቀ ነው የሚፈለገው። ኦክ፣ ወይራ፣ የፍራፍሬ ዛፎች። በውስጡ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ጉልበቱን ውሃ በማፍላት ይጨርሳል። ጭስና ጥቀርሻ ይተርፋል፣ ምድጃው ግን አይግልም።

የእርጥበት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ናት፣ ብዙ ታድናለች። አለካኩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የውጩ ቆዳ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ፍልጡን እንደገና ፈልጦ አዲሱን ፊት መለካት ነው። መለኪያ ከሌለ ሁለት ፍልጥ ማጋጨት ይቻላል። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድም ይላል።

ሙጫ የሚበዛበት እንጨት ለማቀጣጠያ ስንጣሪ ካልሆነ አልጠቀምም፣ ጥቀርሻው ብዙ ነው። ቀለም የተቀባ፣ ኬሚካል የጠጣ፣ ኮምፔንሳቶ፣ የዕቃ መጫኛ ርብራብ ደግሞ በፍጹም። የሚበላ ነገር አጠገቡ ነው ያለው። ፍልጦቹን ሁለት ዓይነት አዘጋጀሁ። ምድጃውን ለማጋል ወፈር ያሉ፣ ፒዛው ሲገባ ነበልባል ለመስጠት ቀጠን ያሉ።

የመጀመሪያው ትልቅ እሳት

ወፍራሞቹን ከታች፣ ስንጣሪውን ከላይ አድርጌ መሃል ላይ አነደድሁ። ከላይ ወደ ታች ሲነድ ጭሱ ያንሳል። ጉልላቱ መጀመሪያ በጥቀርሻ ጠቆረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ታየ። ነጥቡ እየሰፋ ወደ ታች ወረደ። ጥቀርሻው ራሱ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጉልላቱ ሙሉ በሙሉ ሲነጻ ምድጃው እየደረሰ መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ ይናገራል።

የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር አለኝ፣ ጥሩ ነገር ነው። የሚለካው ግን ገጹን ብቻ ነው። ወለሉ ላይ 450 ሊያሳይ ይችላል፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ግን ጡቡ ገና በደንብ አልጋለ ይሆናል። ሁለት ፒዛ ከጋገርህ በኋላ ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከደረሰ በኋላም እሳቱን ማቆየት ያለብን። የእኔ ምድጃ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ገፋሁ፣ ወለሉን ጠረግሁ፣ ሙቀቱ እንዲስተካከል 15 ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። ጠራጊው የነሐስ ሽቦ ብሩሽ ነው። ከዚያ በረጠበ ጨርቅ አንዴ አበስሁት፣ የተነቀለ የሽቦ ፀጉር ፒዛ ሥር እንዳይቀር።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ትንሽ ዱቄት ወለሉ ላይ ይበትን። ወዲያው ከጠቆረ ወለሉ ከመጠን በላይ ግሏል፣ ይቆይ። ቀስ ብሎ ወደ ቡናማ ከሄደ ደርሷል።

በ1984 እ.ኤ.አ. ናፖሊ ውስጥ የተመሠረተው የእውነተኛው የናፖሊ ፒዛ ማኅበር ደንብ ወለሉ ከ380 እስከ 430 ዲግሪ፣ ጉልላቱ 485 ገደማ እንዲሆን ይላል። ፒዛው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ ይወጣል። ግቤ እዚያ ነው። ለመለማመድ ግን ወለሉ 350 ሲሆን መጀመር ይሻላል። ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል።

ሊጡና መጋገሩ

ሊጡ፦ 1 ኪሎ ዱቄት፣ 620 ግራም ውሃ፣ 28 ግራም ጨው፣ እርሾ በጣም ጥቂት። ጊዜው ረጅም ነው፣ አንድ ሙሉ ቀን ገደማ። 270 ግራም እያደረግሁ ስድስት ድቡልቡል አወጣሁበት። ዘይትና ስኳር የለበትም። እነሱ በ250 ዲግሪ ለሚጋገር የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠቅማሉ፣ እዚህ ግን ስኳሩ ቶሎ ይቃጠላል። ቲማቲሙ ሳይበስል የተፈጨ ነው። ሞዛሬላው ተቆርጦ ውሃው በደንብ እንዲንጠፈጠፍ ይደረጋል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያ ሁሉ ውሃ ሊተን አይችልም።

ማስገቢያው የእንጨት አካፋ ነው፣ ሊጥ አይዘውም። ማዞሪያው ትንሽ ክብ የብረት አካፋ ነው። አካፋው ላይ የሚነሰነሰው ዱቄት ጥቂት ይሁን። የተረፈው ወለሉ ላይ ይቃጠልና የፒዛውን ሥር ያመርረዋል።

ፒዛውን ከማስገባቴ ጥቂት ቀደም ብዬ አንድ ቀጭን ፍልጥ ፍሙ ላይ እጨምራለሁ። ነበልባሉ ተነስቶ በጉልላቱ ሥር እስከ መሃል መላስ አለበት። ወለሉ ከሥር በመንካት ያበስላል። ጉልላቱ ከላይ ሙቀት ይረጫል። ፍም ብቻ ካለ ከላይ ያለው ሙቀት ይደክማል፣ ሥሩ ሲበስል ላዩ ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል።

ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አልነካውም። ወደ እሳቱ ያለው ጠርዝ ሲነፋና ነጠብጣብ ሲያወጣ አዞረዋለሁ። አዙሬ የምመልሰው ወደዚያው ወደነበረበት ቦታ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፒዛው የተቀመጠበት ቦታ ትንሽ ቀዝቅዟል። አዲስ ቦታ ላይ ካረፈ እንደገና ሙሉ ሙቀት ያገኘዋል፣ ሥሩ ይቃጠላል። መጨረሻ ላይ በአካፋው ወደ ጉልላቱ ከፍ አድርጌ ለጥቂት ሰከንድ እይዘዋለሁ።

ወለሉ እየቀዘቀዘ ሲመጣ ፍሙን በላዩ ላይ መልሼ እበትናለሁ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ መልሼ ገፍቼ እጠርጋለሁ። እንግዶች ካሉ ይህችን ዕረፍት አስቀድሜ አስባለሁ።

በማግስቱ

የፒዛው መጋገር ሲያልቅ ፍሙን አሰባስቤ አፉን በሙቀት መከላከያ በተሞላ በር ዘጋሁት። ጠዋት ወለሉ 260 ዲግሪ ላይ አገኘሁት። ያ ከወለሉ ሥር የገባው ሰሌዳ ዋጋውን የመለሰው ያኔ ነው። ፍሙንና አመዱን አወጣሁ፣ ወለሉን በረጠበ ጨርቅ ወለወልኩ፣ እንደገና ዘግቼ ጥቂት አቆየሁት። 240 ሲሆን ዳቦው ገባ። ከዳቦው የሚወጣው እንፋሎት ራሱ እዚያው ታፍኖ ቅርፊቱን ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ወደ 150 ወርዶ ነበር፣ ባቄላ በሸክላ ድስት ገብቶ ቀስ ብሎ በሰለ። ማታ የቀረችው ሙቀት ቲማቲም አደረቀች። ሁሉም ከአንድ እሳት ነው።

አመዱ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ከእንጨትም ከላስቲክም ርቆ። ውስጡ የተደበቀ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

የቀረው የውጭ ልስን ነው። የመጀመሪያው ሽፋን ኖራ የበዛበት ይሆናል፣ እርጥበት እንዲያሳልፍ። አናቱ ላይ ትንሽ የእንፋሎት መተንፈሻ እተዋለሁ። ከዝናብ የሚከላከል ትንሽ የቆርቆሮ ጣሪያም ያስፈልገዋል። የጣሪያው ቋሚ እንጨቶች ከጭስ ማውጫው ምን ያህል መራቅ እንዳለባቸው እየለካሁ ነው።